የመምህርት የሺዓለም ገብረክርስቶስ ሕይወትና የአንቀጽ አሥራ አራት ነገር

መምህርት የሺዓለም ገብረክርስቶስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረክርስቶስ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጸደ ተሰማ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ አፍንጮ በር፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው ቅያስ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ፒያሳ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ያን ጊዜ ጽሑፍ የሚታተመው የእርሳስ ፊደሎች አንድ በአንድ በእጅ እየተለቀሙ ስለነበር፣ አቶ ገብረክርስቶስ ጣቶቻቸው ጠቁረው ሲገቡ ውኃ የሚያስታጥቧቸው ልጃቸው ነበሩ። አባት እየታጠቡ የሚነግሯቸውን ልጅ እስከ እርጅናቸው ሲደግሙት ኖረዋል፦ «አንዲት ፈ ሾልካ ብትገባ፣ ‹አለ› የተባለው ሰው ‹አለፈ› ይሆናል። ስለዚህ ልጄ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ደግመሽ አንብቢ።»

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። ገና ከልጅነታቸው መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላቸውም ነበር ይባላል፤ የቤት ሥራቸውን ቆመው በመስኮቱ ደፍ ላይ ይሠሩ እንደነበር አብረው ያደጉ ይመሰክራሉ። በ1965 ዓ.ም. እናታቸው ወይዘሮ አጸደ በአጭር ሕመም አረፉ። ያን ጊዜ እርሳቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ፣ ታናሽ ወንድማቸው ራጉኤል ደግሞ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራጉኤልን ያጠቡት፣ የመገቡትና ፊደል ያስቆጠሩት እኅቱ ናቸው። ሰፈሩ ለረጅም ጊዜ «የየሺ ልጅ» ይለው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጠሩ፣ አባታቸው ማተሚያ ቤት ስለሚውሉ ራጉኤልን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ወደ ወሎ ዘመቱ። ሐይቅ አጠገብ በነበረው ጣቢያ ከደሴ ከመጣች አንዲት ዘማች ጋር አንድ ክፍል ደረሳቸው። እርሳቸውም ወይዘሮ ካሚላ ይማም ናቸው። አንደኛዋ ስትጾም ሌላዋ ምግቧን ደብቃ እየበላች፣ ሁለቱም በየተራ ሰው እያስተማሩ የጀመሩት ጓደኝነት ሃምሳ ዓመት ዘልቆ፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የመምህርት የሺዓለምን ዐይን የከደኑት የወይዘሮ ካሚላ እጆች ሆነዋል።

ከዘመቻ መልስ ኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገብተው በ1972 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት በዲፕሎማ ተመረቁ። የመጀመሪያ ምድባቸው ኮምቦልቻ ስለነበር የአሥራ ሦስት ዓመት ታዳጊ የሆነውን ወንድማቸውን ይዘው ሄዱ። እዚያ የራሳቸው ተማሪ ሆነ። በዘጠነኛ ክፍል የመጨረሻ ፈተና ለማለፍ ሃምሳ ሲያስፈልገው አርባ ዘጠኝ ተኩል አመጣ። ርእሰ መምህሩ ጠርተው «የሺ፣ ግማሽ ነጥብ እኮ ናት፤ ደግሞም ወንድምሽ ነው» ቢሏቸው፣ «ወንድሜ ባይሆን ኖሮ ምናልባት እጄ ይላላ ነበር» ብለው መለሱ። ራጉኤል ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ አጥንቶ እንደገና ተፈተነ፤ ሰባ ስምንት አገኘ። ይህንን ታሪክ ከማንም አስቀድመው በየመድረኩ እየሳቁ የሚያወሩት ራሳቸው መምህር ራጉኤል ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን ማውራቱን ትተዋል።

በ1977 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በጡረታ እስከተገለሉበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። ጠመኔያቸውን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ በወንበሮቹ መካከል ሲመላለሱ ስለሚውሉ ተማሪዎቻቸው «ሚኒባስ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ይህን ሲሰሙ ለመቅጣት አልቸኮሉም። «ታዲያ ለምን ሰዓት አታከብሩም? ሚኒባስ አይጠብቅም» አሏቸው እንጂ። ከእርሳቸው የተማሩ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ሾፌሮችና ባለ ሱቆች ዛሬ በዚህ ቅጥር ውስጥ አሉ። አብዛኞቹ «ለምን?» ተብለው ሳይጠየቁ መልስ ጽፈው የሄዱበትን ቀን አያስታውሱም።

በ1979 ዓ.ም. ፒያሳ በመነጽር መስታወት ሞራጅነት ይተዳደሩ ከነበሩት ከአቶ ዘርዓብሩክ ኃይሌ ጋር በቅዱስ ቃል ኪዳን ተጋቡ። በ1981 ዓ.ም. ልጃቸውን ሲሞንን ወለዱ። አቶ ዘርዓብሩክ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ «በዚህ ቤት የሚናገረውም የሚራመደውም አንድ ሰው ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ መምህርት የሺዓለም አርባው ሳይወጣ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሰው ሲታዘባቸው፣ «ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ከምውል ልጆቹ ቢያስጮኹኝ ይሻለኛል» አሉ።

በ1998 ዓ.ም. በአራዳ አካባቢ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች የተሰባሰቡ መምህራን የመረዳጃና የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። የሕገ ደንቡ አርቃቂዎች ሦስት ሲሆኑ አንዷ መምህርት የሺዓለም ነበሩ። አንቀጽ አሥራ አራትን የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ቃሉም፣ «ሊቀመንበር ለሦስት ዓመት ይመረጣል፤ ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ ሊያገለግል አይችልም፤ ይህ አንቀጽ የሚሻሻለው በጉባኤው ላይ ከተገኙት አባላት ከሁለት ሦስተኛ ባላነሰ ድምፅ ብቻ ነው» ይላል። ጓደኞቻቸው «ጥሩ ሰው ካገኘንስ ለምን እናባርረዋለን?» ብለው ሲከራከሯቸው፣ «ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ በር የምናስወጣበት መንገድ ይኑረን፤ አለዚያ መጥፎው ሲመጣ በሩን ማን ያውቀዋል?» ብለው እንዳሳመኗቸው ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ሁለት ሊቃነ መናብርት በተራቸው ስድስት ስድስት ዓመት አገልግለው በሰላም ወረዱ።

በ2010 ዓ.ም. ሦስተኛው ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡት የሥነ ዜጋ መምህሩ ራጉኤል ገብረክርስቶስ ናቸው። ያን ቀን መምህርት የሺዓለም ከአዳራሹ ኋላ ቆመው አለቀሱ። መምህር ራጉኤልም አላሳፈሯቸውም። ማኅበሩ ፒያሳ ውስጥ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ያለው ቤት እንዲያገኝ የደከሙት እርሳቸው ናቸው። የታመመ መምህር ካለ አልጋው አጠገብ ቀድመው የሚገኙት፣ መምህር ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉት እርሳቸው ነበሩ። መምህርት የሺዓለምም ከጡረታ በኋላ በዚያ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በነጻ ማጠናከሪያ ያስተምሩ ነበር። ይህ ሁሉ እዚህ የተጻፈው በኋላ የመጣው ነገር በክፉ ሰውና በደግ ሰው መካከል የሆነ እንዳይመስል ነው።

ሁለተኛው ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ፣ ፒያሳ መፍረስ ጀመረች። ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሰዉ ዕቃውን እየጫነ ወደየተመደበበት ሰፈር ሄደ። እርሳቸውም በአራዳ መምህርትና የማኅበሩ አባል የሆኑት ወይዘሮ ካሚላ ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ለቀው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። የማኅበሩ ቤት ቀይ ምልክት ተቀባ። በዚህ መካከል ሊቀመንበሩ አንቀጽ አሥራ አራት እንዲሻሻል የሚጠይቅ ረቂቅ አቀረቡ፦ የምርጫው ዘመን ከሦስት ወደ አምስት ዓመት ይራዘም፣ የሁለት ዘመን ገደቡ ይነሣ፣ እስካሁን የተሠራበትም አይቆጠር የሚል።

ረቂቁ በተሰራጨ ማግስት መምህር ራጉኤል አፍንጮ በር እኅታቸው ቤት መጡ። እርሳቸው እንደ ልማዳቸው ቆመው፣ ወንድማቸው ተቀምጠው ተነጋገሩ።

«እትዬ፣ ቤቱ ሊፈርስብን ነው። ምትክ ቦታ የምንደራደረው አሁን ነው። በየቢሮው ያሉትን ሰዎች የማውቃቸው እኔ ነኝ። አሁን አዲስ ሰው ቢመጣ ስማቸውን እስኪያጠና ሜዳ ላይ እንቀራለን።»

«አስተዋውቀው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንተ ሌላ ሰው ካላወቃቸው ጥፋቱ የማን ነው?»

«እኔን አታምኚኝም ማለት ነው?»

«አንተንማ አምንሃለሁ። አንቀጹን የጻፍኩት ግን ለአንተ አይደለም፤ ካንተ በኋላ ለሚመጣውና ለማላውቀው ሰው ነው። ለአንተ ብዬ በሩን ብነቅለው እሱም በዚያው ይገባል።»

መምህር ራጉኤል ሲነሡ፣ «አንቺ ግማሽ ነጥብ እንደ ነፈግሽኝ ኖርሽ» አሉ። መምህርት የሺዓለም ያን ሌሊት እስኪነጋ ከሳሎን እስከ በረንዳ ሲመላለሱ አደሩ።

በሳምንቱ መምህርት የሺዓለም፣ ወይዘሮ ካሚላና የፊዚክስ መምህሩ አቶ ሙሄ ሰዒድ ሆነው ማሻሻያውን የሚቃወም ደብዳቤ ጻፉ። ሃያ ሦስት መምህራን ፈረሙ። ወዲያው መንሾካሾክ ተጀመረ፤ «የምትክ ቤት ዝርዝር ላይ የሚገባውና የማይገባው ከወዲሁ እየታየ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ማን እንዳስወራው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ዘጠኙ መጥተው ስማቸውን አሰረዙ። መምህርት የሺዓለም አንዳቸውንም አልተቆጡም፤ እያንዳንዱን ስም በማስመሪያ አስምረው በአንድ መስመር ሰረዙት። አራዳ ደግሞ አራዳ ነውና ቀልዱን አላቋረጠም፦ «የሊቀመንበራችን ሱሪ ወንበሩ ላይ ያልቃል እንጂ ዘመናቸው አያልቅም» እየተባለ ይሳቅ ነበር። ይህን ቀልድ በፊታቸው ያወሩትን ሰው ግን መምህርት የሺዓለም «የወንድሜን ሱሪ ተወውና አንቀጹን አንብብ» ብለው አሳፈሩት።

እሑድ መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። በመዝገብ ፈርመው የተገኙት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ መምህርት የሺዓለም ቢጠይቁም በእጅ ይሁን ተባለ። ከየወገኑ አንድ አንድ ቆጣሪ ሲመረጥ፣ ተቃዋሚዎች የኬሚስትሪ መምህሩን ዑዘይርን አቀረቡ። ከሊቀመንበሩ ወገን ደግሞ የሊቀመንበሩ ልጅ የባዮሎጂ መምህርቷ ማክዳ ተጠቆመች። አዳራሹ «የራሱ ልጅ?» ብሎ ሲያጉረመርም ከኋላ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት አክስቷ ናቸው፦ «ትቁጠር! መቁጠር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

የሚደግፉ እጃቸውን አነሡ። ሁለቱ ቆጣሪዎች በየረድፉ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ቆጠሩ፤ ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነ። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ያዙ።

«መቶ አርባ አንድ። ሁለት ሦስተኛው ስለተሟላ ሕገ ደንቡ ተሻሽሏል።»

ጭብጨባው ሳያልቅ መምህርት የሺዓለም ወደ መድረኩ እየሄዱ ነበር።

«በዚህ አዳራሽ የሒሳብ መምህር አለ?»

«አለን!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ።

«የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሁለት ሦስተኛ ስንት ነው?»

ከመስኮቱ ሥር አንዱ፣ «መቶ አርባ አንድ ከአንድ ሦስተኛ!» አለ።

«ደንቡ ‹ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰ› ይላል። መቶ አርባ አንድ ያንሳል።»

«በአንድ ሦስተኛ ሰው ነው የምንጣላው?» አሉ ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው።

«አንድ ሦስተኛ ሰው የለም። ሙሉ ሰው አምጣ።»

በዚህ ጊዜ አንዱ፣ «አንድ ሦስተኛ ሰውማ በጠዋት ውቤ በረሃ ብትሄዱ ሲጠጣ ካደረው መካከል አይጠፋም ነበር!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። ይህ ቃል ለቀብር ይገባል አይገባም ተብሎ ተመክሮበታል። እርሳቸው ራሳቸው ያን ቀን ከሁሉ የበለጠ ስቀው ስለነበር እንዲቀር አልተደረገም።

ሳቁ ሲበርድ መምህር ራጉኤል ወደ ቆጣሪዎቹ ዞሩ። ዑዘይር ከተቃዋሚዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ማክዳ ግን እየቆጠረች ስለነበር ድምፅ አልሰጠችም።

«ማክዳ» አሉ አባቷ በማይክሮፎኑ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «አንቺም አባል ነሽ። የአንቺ እጅስ?»

የአዳራሹ ሰው ወደ እርሷ ዞረ። በአንድ እጇ ወረቀት፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዛ ነበር። ወደ አክስቷ ስትመለከት መምህርት የሺዓለም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አገኘቻቸው። ኋላ እንደነገሯት፣ «ዐይኔን አይተሽ እንዳትወስኚ ብዬ ነው።» ማክዳ እጇን አላነሣችም። «መቶ አርባ አንድ ነው» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማሻሻያው በአንድ ሰው ድምፅ ወደቀ።

ከዚያ ቀን በኋላ በመምህር ራጉኤል ቤት ገበታ ላይ «ጨው አቀብዪኝ» ካልሆነ በስተቀር በአባትና በልጅ መካከል ቃል ጠፋ። ስድብም ቁጣም አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማክዳ ልብሷን በሻንጣ ይዛ አፍንጮ በር ገባች። መምህርት የሺዓለም በሩን ከፍተው፣ «እራት በልተሻል?» አሏት። ከበላች በኋላ ደግሞ፦ «እጅሽን ብታነሺ ኖሮ እከራከርሽ ነበር እንጂ አልቀየምሽም ነበር። ያላነሣሽው ለእኔ ብለሽ ከሆነ ግን ተሳስተሻል።» ማክዳ ለምን እንዳላነሣች ያን ቀንም አላወቀችም፣ ዛሬም አጥርታ አታውቅም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ጉባኤ ተጠራ። ሕገ ደንቡ የስብሰባ ጥሪ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት በማኅበሩ ቤት በር ላይ ይለጠፍ ስለሚል፣ ጥሪው በእርግጥም በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ሊፈርስ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ መግቢያውም በዘበኛ ተዘግቶ ነበር። በስልክ የተነገራቸው ብቻ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስበው ማሻሻያውን አጸደቁ። በሐምሌም መምህርት የሺዓለም «የማኅበሩን አንድነት በማናጋት» በሚል ከአባልነት ታገዱ። የቅዳሜው ማጠናከሪያም ቦታ አጣ። እርሳቸው ግን የሳሎናቸውን ቁምሳጥን ጀርባውን አዙረው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው ሰሌዳ አደረጉት። በቀጣዩ ቅዳሜ አሥራ ዘጠኝ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ተማሩ።

ቤቱ ከመፍረሱ በፊት በነበሩት ቀናት አንድ ጠዋት ቆርቆሮው አጥር ሥር ቆመው በቀዳዳው ስልካቸውን ሲያሾልኩ ዘበኛው ደረሰባቸው።

«እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«የስብሰባ ማስታወቂያ ላነብ ነው።»

«እዚህ ውስጥ?»

«እኔም የምለው እሱን ነው፣ ልጄ።»

ዘበኛው ስቆ ቆርቆሮውን ገለጥ ሲያደርግላቸው በሩን ከነማስታወቂያው ፎቶግራፍ አነሡት። ያች ፎቶግራፍ ማመልከቻቸው ላይ ተያይዛ ማኅበሩን ወደ መዘገበው መሥሪያ ቤት ገባች። ከዚያ አሥር ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከአፍንጮ በር በእግራቸው እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ወርደው፣ ከዚያ ታክሲ ይዘው ይመላለሱ ነበር። የሚያውቁት መንገድ በየቀኑ ይለወጥባቸዋል፤ ትናንት ያለፉበት ቅያስ ዛሬ ቁፋሮ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እግራቸው ማበጥ የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። ሐኪም የልብ ድካም መሆኑን ነግሮ ዕረፍት ሲያዝላቸው፣ «መዝገብ ቤቱ ሲመልስልኝ» አሉት።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መልሱ መጣ። የሰኔው ጉባኤ ጥሪ ለአባላት ያልደረሰ በመሆኑ ውሳኔው እንደማይጸና፣ ነባሩ ሕገ ደንብ ሥራ ላይ እንዲቆይና ምርጫ እንዲካሄድ፣ እግዱም እንዲነሣ የሚል ነበር። ሰኔ 15 ቀን በተደረገው ምርጫ አቶ ሙሄ ሰዒድ ሊቀመንበር ሆኑ። መምህር ራጉኤል ማኅተሙን አስረክበው፣ ማንም ሳያጨበጭብላቸው ወጡ። መምህርት የሺዓለም እያነከሱ ተከትለዋቸው ከደረጃው ላይ «ራጉ!» ብለው ተጣሩ። እርሳቸው ግን አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ተመልሰው ሲገቡ ለወይዘሮ ካሚላ፣ «ስምንት ዓመት የለፋ ሰው እንዲህ አይሸኝም፤ ለዚህም አንቀጽ ልናወጣ ይገባ ነበር» አሉ። ወይዘሮ ካሚላ «ስምንት አይደለም፣ ሰባት ነው» ሲሏቸው በሃምሳ ዓመት ጓደኝነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር መሳሳታቸውን አመኑ።

ማሸነፋቸው ዕረፍት አልሰጣቸውም። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሕመማቸው ጸንቶ ሆስፒታል ሲገቡ፣ አዲሱ ኮሚቴ በክርክሩ የባከነው ጊዜ እንዲካካስ የምርጫ ዘመኑ «ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ» አምስት ዓመት ይሁን የሚል ረቂቅ ማዘጋጀቱን ሰሙ። አቶ ሙሄን አስጠሯቸው።

«ሙሄ፣ አንተም?»

«መምህርት፣ እኔኮ ለሥራው ብዬ ነው።»

«እሱም ያለው ይህንኑ ነበር» አሏቸው። አቶ ሙሄ ተነሥተው ወጡ። ረቂቁን ግን እስከ ዛሬ አልተዉትም፤ በታኅሣሥ ጉባኤ ይቀርባል። መምህርት የሺዓለም የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ የተቃውሞ ደብዳቤ አጽፈው በአንደኛ ተራ ፈረሙ። ወይዘሮ ካሚላ በሁለተኛ ተራ ፈረሙ።

ኅዳር 7 ቀን መምህር ራጉኤል ሆስፒታል መጡ። ከመጋቢቱ ጉባኤ ወዲህ እኅትና ወንድም ብቻቸውን ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ስለ ሲሞን ልጆች፣ ስለ አባታቸው መቃብር፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት አወሩ። ስለ ማኅበሩ አንድም ቃል ሳይነሣ አንድ ሰዓት አለፈ። መምህር ራጉኤል ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤውን አይተው አነሡና እስከ ታች አነበቡት። ከዚያም፣ «ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ተደግሟል» አሉና እስክሪብቶ አውጥተው ሰረዙት። ሳይፈርሙ መለሱት። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «በእኔ ጉዳይ ግን ተሳስተሻል፣ እትዬ» አሉ። «ሊሆን ይችላል» አሉ እርሳቸው። «ነገም ና።»

ነገም መጡ፤ ከነገ ወዲያም መጡ። መምህርት የሺዓለም ገብረክርስቶስ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ዘመድ ወዳጆቻቸው፣ ተማሪዎቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

መምህርት የሺዓለም የአንድ ወንድ ልጅ እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው ኢንጂነር ሲሞን ዘርዓብሩክ ከነቤተሰቡ፣ የሃምሳ ዓመት ጓደኛቸው ወይዘሮ ካሚላ ይማም፣ በሳሎናቸው ወለል ላይ የተማሩ ልጆችና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የወንድማቸው ልጅ ማክዳ ራጉኤል በሐዘን ቀርተዋል። ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ማክዳ ለአባቷ ወስዳ አሳይታለች። ሁሉንም አንብበው፣ ጉባኤው የተጻፈበት ቦታ ሲደርሱ ጥቂት ቆመው፣ አንድም መስመር አላወጡም። ያስለወጡት ስለ እርሳቸው በመጨረሻ የተጻፈውን ብቻ ነው። «የማኅበሩ የቀድሞ ሊቀመንበር» የሚለው ቀርቶ እንዲህ ይባል ብለዋል፦ «ያሳደጉት ወንድማቸው ራጉኤል።»

እንደ ቃላቸው ሆኗል።

የማይደክመው አምላክ ለማይቀመጡት እናታችን የሚያርፉበትን ስፍራ ያዘጋጅላቸው፤ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጋር ይደምርልን፤ ለእኛም እየተከራከርን እንኳ የማንለያይበትን ልብ ይስጠን። አሜን።